ፊቱ መጨረሻ ላይ ነው የሚታየው

ባለፈው ሳምንት አንድ ጎረምሳ ፊቱን እንዲያዞርልኝ ስጮህ የሮቤ መንገደኛ ሁሉ ሳቀብኝ። ይሳቅ! ዕድሜ ከሰጠኝ ነገር አንዱ የሰው ሳቅ አለመፍራት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአባቴ በወረስኩት የጨርቅ ሱቅ በራፍ ላይ በርጩማ አውጥቼ ፀሐይ እሞቃለሁ። ፀሐይ ማለቴ ለስሙ ነው፤ የሮቤ ፀሐይ ታያለች እንጂ አታሞቅም። ሦስት ተማሪዎች መጡ። አንዷ ስልክ የያዘች ቀጭን ልጅ ናት፤ ሁለተኛዋ ጃንጥላ ተሸክማለች። ሦስተኛው ረጅም ጥቁር ካፖርት ለብሶ አሮጌ ሻንጣ ያንጠለጠለ ሎጋ ልጅ ነው፤ ካፖርቱ የአባቱ መሆኑ ከእጅጌው ያስታውቃል።

«ማዘር፣ እዚህ በራፍዎ ላይ ትንሽ ብንቀርጽ ይፈቅዱልናል?» አለችኝ ስልክ የያዘችው።

ማዘር! እናት የሚለው ቃል ምን በደላቸው? «ምን ልትቀርጹ ነው?» አልኳት።

«አጭር ፊልም ነው። ልብ አንጠልጣይ። መጀመሪያውን ብቻ ነው የምንሠራው፤ የትምህርት ቤት ሥራ ነው።»

«አንጠልጥሉት» ብዬ በርጩማዬን ፈቀቅ አደረግኩላቸው። እየተከራከሩ፣ በጣታቸው እያሳዩ፣ አንዴ ከሱቁ ጥግ አንዴ ከመብራት ምሰሶው ሥር እየቆሙ ቦታ መረጡ። ደስ ይላሉ። ከዚያ ልጅቷ ስልኳን አነሳችና ካፖርት የለበሰውን «ጀርባህን ሰጥተህ ቀጥ ብለህ ሂድ» አለችው። «እንዳትዞር። ማን እንደሆንክ መታወቅ የለበትም። ፊትህ መጨረሻ ላይ ነው የሚታየው።»

ይሄን ስሰማ የሻይ ብርጭቆዬ ከእጄ አመለጠ። ይቺን ቃል እኔ ሰምቻታለሁ። ድሮ፣ ሳነቴ ተራራ ላይ፣ ብርዱ ጥርሴን እያንገጫገጨው።

«ዞር በል!» አልኩት ሳላስበው። ጩኸቴን ሰምተው የባጃጅ ሾፌሮቹ ሁሉ ዞሩ። እሱ ብቻ አልዞረም።

«ማዘር፣ ታሪኩ ይበላሻል እኮ» አለች ልጅቷ።

«ይበላሽ! መጨረሻውን ማን አየው?»

መንገደኛው ሳቀ፣ እነሱም ሳቁ። ኋላ ግን ፊቴን ሲያዩት እንባዬ ወርዷል፤ ልጅቷ ስልኳን አወረደች። ሰው ሲያዝንልኝ አልወድም። ያን ቀን ግን ሆድ ባሰኝና ቁጭ በሉ ብዬ ነገርኳቸው።

ያኔ የሮቤ ዋና መንገድ ጠጠር ነበር። ባጃጅ የሚባል ነገር በሕልማችንም አልመጣ፤ ጋሪ ነው የነበረው፤ ጠዋት የምንነቃው የፈረሶቹ ቃጭል ከአዛኑ ጋር ሲቀላቀል ነው። ስንዴ ሲታጨድ አቧራው ልብስ ውስጥ፣ ሻይ ውስጥ፣ ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ዛሬም ይገባል፣ እሱ እንኳ አልተለወጠም። ሻይ በስሙኒ፣ ፓስቲ በስሙኒ፤ ሁለቱንም ያዘዘ ሰው ጌታ ነበር። የወንዶቹ ሱሪ ከታች ሰፍቶ መሬት ይጠርጋል። እኛ ሴቶቹ ከሰልባጅ ተራ የገዛነውን ሹራብ ደርበን ሻሻችንን ወደ ኋላ ሸርተት እናደርጋለን፤ የአባታችን ጓደኛ ብቅ ሲል ወደ ፊት እንመልሳለን። ካሴት ቤቱ ደጃፍ ላይ አንዱ ዘፋኝ ስለ ከዳችው ልጅ ሲያላዝን ይውላል፤ ምን እንዳደረገችው እስከ ዛሬ አልገባኝም። መንግሥት ተቀይሯል ይባል ነበር፤ ማን ሄደ፣ ማን መጣ የሚለውን ትልልቆቹ ያውጡ ያውርዱ። የኛ ጭንቀት ቪዲዮ ቤቱ ዛሬ ምን ያሳያል የሚለው ነው። የአጣና አግዳሚ የተደረደረባት ጠባብ ቤት ናት። ካራቴ ታሳያለች፣ ሕንድ ታሳያለች፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ካፖርት የለበሰ ሰው በጉም ውስጥ የሚሄድበት፣ ማን እንደሆነ እስከ መጨረሻው የማይታወቅበት ፊልም ይመጣል። ደረጀ ያበደው በዚህ ፊልም ነው።

ደረጀ የክፍላችን ልጅ ነው። ከትምህርት በኋላ ሰርግ የሚቀርጽ ሰውዬ ጋ ይሠራ ነበር፤ ትከሻ ላይ የምትቀመጠውን ትልቋን ካሜራ መያዝ የተፈቀደለት ብቸኛ ተማሪ በመሆኑ አንገቱ ቀንቶ ነው የሚሄደው። «እኛስ ለምን ፊልም አንሠራም?» አለን አንድ ቀን። እኛ የተባልነው እኔና ቱፋ ነን።

ቱፋ የጎባ ልጅ ነው፤ አክስቱ ቤት ሆኖ ሮቤ ይማር ነበር። ስሙ ራሱ ታሪክ አለው። እናቱ አዮ ሩቂያ፣ አዮ ማለት እማማ ነው፣ ልጅ አልቆም ብሏት የተቃጠለች ሴት ናት፤ ከሱ በፊት የወለደቻቸው ሁሉ ዳዴ ሳይሉ ሄዱባት። እሱ ሲወለድ ሞት እንዲንቀው ብላ ቱፋ አለችው፤ የተናቀ፣ የተተፋ እንደ ማለት ነው። በስሙ ብቻ አላበቃችም፤ ፎቶም አስከለከለችው። የሰው ዓይን በፎቶም ያገኘዋል ብላ ታምን ነበር። ለፈተና ጉርድ ፎቶ የግድ ሲሆን ራሷ ከጎባ ድረስ መጥታ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ካርዱ ላይ ከተለጠፈችው አንዲት በቀር የተረፉትን ተቀብላ እዚያው ደጃፉ ላይ በክብሪት አቃጠለቻቸው። ፎቶ አንሺው «እማማ፣ እንዲህ ያለ ቆንጆ ልጅ…» ብሎ ሳይጨርስ «ቆንጆ አትበለው!» ብላ ጮኸችበት። «አስቀያሚ ነው! እየው እስቲ፣ አስቀያሚ!» ቱፋ ከኋላዋ ሆኖ እየሳቀ «ልክ ናት» ይላል። ወላሂ ልክ አልነበረችም። ቆንጆ ነበር። አሁን ብናገረው ምንም ዓይን አያገኘውም።

ታዲያ ደረጀ ካፖርት የሚለብሰውን ሰውዬ ቱፋ ይሁን ሲል እኔ ሳቅኩ። ፎቶ የማይነሳ ልጅ ፊልም ሊሠራ! ቱፋ ግን ፓስቲውን እያላመጠ «ፊቱ አይታይም አላላችሁም? እናቴ የከለከለችኝ ፊቴን ነው። ጀርባዬን አልከለከለችም» አለ። በዚያው አለቀ።

ሻይ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነው ያቀድነው። የለስላሳ ቆርኪ ሰውዬው ሆነ፣ የስኳር ዕቃው ተራራው፣ የጫማዬ ማሰሪያ መንገዱ። ደረጀ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በክብሪት ቀፎ ውስጥ እያየ ቆርኪውን ይገፋዋል። መጀመሪያ ካሜራው የካፖርቱ ጀርባ ላይ ይጣበቃል፤ ጥቁር ብቻ ይታያል። ከዚያ ሰውዬው ይራመዳል፤ እየራቀ ሲሄድ ሰው መሆኑ፣ ሻንጣ መያዙ ይታወቃል። ከዚያ ጉም ይውጠዋል። ሻንጣው ውስጥ ምን አለ? ደረጀ ወርቅ ነው አለ። እኔ ሽጉጥ ይሁን አልኩ። ቱፋ «በቅቤ የራሰ የገብስ ጭኮ ነው» አለ፤ «እናቱ የቋጠረችለት።» በሳቅ ፈረስን። የሻይ ቤቱ ባለቤት ደግሞ «ስኳሬን መልሱ» ብላ ተራራውን አነሳችብን።

ካፖርቱን ከሰልባጅ ተራ እኔ ነኝ ተከራክሬ የገዛሁት፣ በአስራ አምስት ብር። የነጋዴ ልጅ ነኝ፤ ሻጩ ሃያ አምስት ብሎኝ ነበር። ካሴት ግን አዲስ ከየት ይምጣ? ደረጀ አንድ የጎባ ሰርግ ቀርጾ ካሴቱ መጨረሻ ላይ ባዶ ቦታ ተርፎ ነበር፤ አንድ ጊዜ ብቻ የምታስቀርጽ። የኛ ፊልም በሰው ሰርግ ጭራ ላይ ተንጠለጠለች።

አንድ ቅዳሜ ወደ ደሎ መና በሚወርድ የጭነት መኪና ላይ ተንጠላጥለን ሳነቴ ወጣን። ሜዳው ላይ ረጅሙ የጅባራ ተክል ቆሟል፤ ጉሙ አንዴ ይከፈታል አንዴ ይዘጋል። ባዶው ሻንጣ በነፋስ እየበረረ ስላስቸገረን አዮ ሩቂያ የቋጠረችውን ጭኮ ከነዕቃው ከተትንበት። የቱፋ ትንቢት ደረሰ። ተለማመድን፤ ደረጀ «ገዳይ ነህ፤ ማንንም አታይ፣ ማንንም አትስማ» እያለ አስጠናው። ከዚያ ካሜራዋ ተከፈተች። ቱፋ ተራመደ። ካፖርቱ ከሌንሱ ላይ ተላቀቀ፣ ራቀ፣ ሰው ሆነ። ወዲያው ከጉሙ ውስጥ አንድ ሽማግሌ በፈረስ ብቅ አሉ። ቡልኳቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል።

«አከም ነጋ?» አሉት።

ገዳያችን ቆመ። ሻንጣውን መሬት አስቀመጠ፣ ጎንበስ አለ። «ነጋ፣ ፈያ፣ አልሃምዱሊላህ። አባባ፣ እርስዎስ ደኅና ነዎት? ቤቱስ? ከብቱስ? ብርዱስ እንዴት ያደርግዎታል?» ከብቱ ተጠየቀ፣ ገብሱ ተጠየቀ። ደረጀ በሹክሹክታ ሲራገም እሰማዋለሁ። ሽማግሌው መርቀውት አለፉ፤ ቱፋ ሻንጣውን አነሳና እንደገና ገዳይ ሆኖ ወደ ጉሙ ገባ።

ሲመለስ ደረጀ ሊመታው ደረሰ። «ገዳይ ነህ እኮ!»

«ሽማግሌ ሰው ሰላም እያለኝ ልለፈው? ገዳይስ ቢሆን የባሌ ሰው አይደለም እንዴ?»

ካሴቱ ላይ ትንሽ ቀርታ ነበር። «እስኪ ዞር ይበልና አንድ ጊዜ እንየው» አልኩ። ለፊልሙ ብዬ አይደለም። እወደው ነበር፤ ይኸው አልኩት፣ ለሱ ግን አላልኩትም። ደረጀ ካሜራዋን አጠፋ። «አይሆንም» አለ። «ፊቱ መጨረሻ ላይ ነው የሚታየው።»

ስንወርድ መኪናው ላይ ሦስታችን አንድ ካፖርት ውስጥ ገብተን ጭኮውን ጨረስነው። ካፖርቱ ቅቤ ቅቤ ይሸት ነበር። አሁንም ሰልባጅ ተራ ሳልፍ እጄ ጥቁር ካፖርት ሳይነካ አያልፍም።

መጨረሻው አልተቀረጸም። ክረምት ገባ፣ ፈተና መጣ፣ ሰርግ ቀራጩ ሰውዬ ካሜራዋን ሸጣት። የቱፋ ነጥብ አልመጣለትም። የነበረችውን አንዲት ፎቶ ከነካርዷ ኪሱ ከቶ፣ ካፖርቱን ለብሶ በጊኒር በኩል ወደ ምሥራቅ ሄደ፤ ባሕር ተሻግሮ ዐረብ አገር ሊሠራ። እናቱ ጭኮ ቋጠረችለት። ከዚያ ዝም አለ። ከብዙ ጊዜ በኋላ አብሮት የነበረ የጎሮ ልጅ ተመልሶ ስለ ጀልባው ተናገረ። ኢና ሊላሂ። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ። ዘመዶቹ ሰደቃ አወጡ፤ አዮ ሩቂያ ግን ይመጣል ብላ በሩን በቀን አልዘጋም አለች።

እኔም አገባሁ፣ ወለድኩ፣ አባቴን ቀበርኩ። ደረጀ ወደ ሻሸመኔ ሲሄድ «አንቺ ዘንድ ትሁን፣ እኔ አልችልም» ብሎ ካሴቷን ሰጠኝ። ዛሬም ስንደዋወል ስለ ስኳር ሕመሙ፣ ስለ ልጆቹ እናወራና «ምን ነበረበት አንዴ ዞር በል ብለው?» ብሎ ይዘጋዋል።

አንድ ቀን አዮ ሩቂያ ከጎባ መጣች። እዚሁ ሱቅ። አርጅታለች፣ ጠቁራለች፤ እጄን ይዛ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችኝም።

«ዘሃራ» አለችኝ፣ «ፊቱ እየጠፋብኝ ነው።»

በርጩማዬ ላይ አስቀመጥኳት።

«አፍንጫውን አገኝና ዓይኑን አጣለሁ። ዓይኑን ስይዝ አፉ የአባቱ ይሆንብኛል። ፎቶዎቹን በገዛ እጄ አቃጠልኳቸው። እኔ ነኝ የደበቅኩት፤ እሺ ከሞት ልደብቀው፣ ከራሴ ለምን ደበቅኩት? አንቺ ዘንድ የሚንቀሳቀስ አለ አሉኝ። አሳዪኝ፣ ልጄ።»

«አዮ፣ ፊቱ እኮ አይታይም» አልኳት። አልሰማችኝም። ወይም መስማት አልፈለገችም።

ሱቄን ዘግቼ ቤት ወሰድኳት። መሬት ላይ፣ ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀመጠች። ሰርጉን አሳልፌ የኛን አስጀመርኩላት። ጥቁሩ መጣ። ካፖርቱ ራቀ። ገና ሁለት እርምጃ ሳይራመድ «እሱ ነው!» አለች። «ግራ እግሩን እዪው፣ ወደ ውጭ ይጥለዋል። ሕፃን ሆኖ ፈረስ ረግጦት ነው።» ይሄን እኔ እንኳ ልብ ብዬው አላውቅም። ሽማግሌው መጡ። የቱፋ ድምፅ ከነፋሱ ጋር ወጣ፦ ነጋ፣ ፈያ፣ አልሃምዱሊላህ። አዮ ሩቂያ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ አብራው ትመልሳለች። ከዚያ ሻንጣውን አነሳ። «ዞር በል፣ ኢልመ ኮ» አለችው፣ ልጄ። «አንዴ ዞር በል። ማንም አያይህም፣ እኔ ብቻ ነኝ።» እጇን ቴሌቪዥኑ ላይ አድርጋ ትለምነዋለች። እሱ እየሄደ ነው። ጉሙ ዋጠው።

ለተማሪዎቹ እስከዚህ ድረስ ነው የነገርኳቸው። ልጅቷ ስልኳን አንስታ ካፖርት የለበሰውን «ዞር በል» አለችው። ዞረ። አገጩ ላይ ብጉር አለበት፣ ፂሙ ገና እያሰበ ነው፤ አፍሮ መሬት መሬት ያያል። «ቀና በል» አልኩት። ቀና ብሎ ሳቀ። «ይቺን ለእናቱ ላኪላት» አልኳት፤ «ፊልሙን እንደፈለጋችሁ አድርጉት።» አመስግነው ሄዱ። ስድብ የጠበቁ ይመስሉ ነበር።

ካሴቷ አሁን የለችም፤ ማጫወቻው አንድ ቀን አኘካት። አዮ ሩቂያም የለችም፤ አላህ ይርሃማት። ተማሪዎቹ ከሄዱ ወዲህ ግን ያቺ ቀን ከፊቴ አልሄድ ብላለች። ያልነገርኳቸው ቀሪዋ አለች።

ጉሙ ከዋጠው በኋላ አዮ ሩቂያ መሬት ላይ ተኮራምታ ቀረች። እንደገና ላስጀምርላት ብዬ ሳላጠፋው ወደ ኋላ የሚመልሰውን ተጫንኩ። ሥዕሉ ወደ ኋላ መሮጥ ጀመረ፣ ድምፅ የለውም። ከጉሙ ውስጥ ቱፋ ወጣ። ጀርባውን ሰጥቶን፣ ወደ እኛ።

«መጣ» አለች በጉልበቷ እየተነሳች።

የኋሊት እየተራመደ ሽማግሌው ጋ ቆመ፣ ጎንበስ አለ፣ ቀና አለ፣ መምጣቱን ቀጠለ። እየቀረበ፣ እየገዘፈ፣ ግራ እግሩን ወደ ውጭ እየጣለ። «መጣ፣ መጣ፣ መጣ» ትላለች እንደ ሕፃን። ካፖርቱ ቴሌቪዥኑን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። ጠቆረ።

«ገሌ» አለች። ገባ፣ ቤቱ ገባ ማለቷ ነው።

ማጥፋት ነበረብኝ፤ አላጠፋሁም። ጥቁሩ ተገፈፈና ሰርጉ ብቅ አለ። ሙሽሪት በነጭ፣ ድንኳኑ ሙሉ ሰው ያለ ድምፅ ይጨፍራል። አዮ ሩቂያ አንዴ እኔን አየች፣ አንዴ ሰርጉን። ተነሳች። ሻሿን አጥብቃ አሰረች፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔ ምን ላድርግ? እንባዬ እየወረደ አብሬያት እልል አልኩ።

ጎረቤቴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች በር ላይ መጣች። «ምንድን ነው? ማን አገባ?» አለች።

«ልጄ» አለቻት አዮ ሩቂያ።